ኮምፒውተሩ የዘለላት ጳጉሜን ስድስት

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህንንም እኔ ሳወራ እየሣቀች የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ሴት ልጅ ናት። የሣቅሽበትንም ቦታ ጻፊው ብያታለሁ።

ባሌ መርጌታ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ቤተ ልሔም ገዳም ተምሮ መጥቶ የስንቱን ሰው ልጅ ሲያስተምር፣ እኔን ግን "አንቺ ጥጥሽን ፍተይ" ብሎ ተወኝ። ተማሪዎቹ ከግድግዳው ወዲያ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥሩ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ እንዝርቴን እያሾርሁ በጣቴ አብሬ እቆጥር ነበር። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ ዓመቱ በአራቱ ላይ ይዞራል። እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል፣ ዓቢይ ጾም መቼ ይገባል፣ ጳጉሜን አምስት ናት ወይስ ስድስት፣ ሁሉንም ሰርቄ ያዝሁት። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ቢሳሳት አላስችል አለኝና "ኧረ ማክሰኞ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!" ብዬ ጮህሁ። መርጌታ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ምሳውን እየበላ አንገቱን ደፍቶ "እውነትሽን ነው፣ ማክሰኞ ነው" አለኝ።

ያ የሰረቅሁት ቁጥር ነው በእርጅናዬ ልጄን ላጣ ስል መጥቶ የደረሰልኝ።

ልጄ ስል የልጄን ልጅ ማለቴ ነው። እናቷ የአራት ዓመት ሕፃን ትታልኝ፣ ዓረብ አገር ልሥራ ብላ በመተማ በኩል ሄደች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም። ሞታለች ብዬ ተዝካር አላወጣሁ፣ አለች ብዬ ስንቅ አልላክሁ። እንዲሁ መንገድ መንገድ እያየሁ ልጂቱን አሳደግሁ። ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኮምፒውተር አጥንታ ተመረቀች። ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ያየ ሁሉ "ምን ሆና ነው እንዲህ የለበሰች?" ሲለኝ፣ "የኮምፒውተር ቄስ ሆናለች፣ ዝቅ ብለህ ተሳለም" እለው ነበር። ከዚያ ሥራ አጥታ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀመጠች። በስንት ልመና አርብ ገበያ በሚባለው ከተማችን ጤና ጣቢያ በኮንትራት ቀጠሯት። የሚታከመውን ሰው ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች፤ ሰውየው የሚመለስበትን ቀን ኮምፒውተሩ ያወጣል፤ እሷ በወረቀት አትማ ትሰጣለች።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ፣ አንድ ዓርብ፣ ከጎረቤቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ ነው። ጎረቤቴ እንዳትወልድ በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ መርፌ ትወጋለች። ባሏ አያውቅም ነበር። እሱ አሥረኛ ልጅ ያምረዋል፣ የዘጠኙን ስም ግን እያምታታ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ገበያ ሄድሁ እያለች ዓርብ ዓርብ ነው የምትወጋው፤ መርፌውም የሚሰጠው ዓርብ ብቻ ነው። አሁን ባልየው ስላወቀ ነው የማወራው። ይኸው ልጇ ይህን ስትጽፍ አፏን ይዛ ቀርታለች። ጻፊ፣ አንቺ ዘጠነኛዋ ነሽ፣ ተርፈሻል።

"እትዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል" አለችኝ ጎረቤቴ። "ቀጣዩ ቀጠሮዬ ለመስከረም ኡራኤል ሆነ። ዓርብ ነው የሚውለው አሉኝ።"

መንገዱ መሐል ቆምሁ። "ኡራኤል ዓርብ ነው ያለሽ ማነው?"

"ወረቀቱ ነዋ።"

"ወረቀቱ አብዷል። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ናት። እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ይውላል። ዓርብ የምትውለው ግሸን ማርያም ናት፤ ኡራኤል በማግስቱ ነው።"

"ውይ እትዬ፣ ታዲያ በየትኛው ልሂድ? ቅዳሜ ምን ብዬ ከቤት እወጣለሁ?"

"ዓርብ፣ በማርያም ሂጂ። ቅዳሜ ከሄድሽ በሩ ዝግ ነው፣ አሥረኛው ልጅ ደግሞ በሰኔ ይመጣል።"

ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፣ የአንድ ቀን ነገር ነው። እኛ ግን ቀኑን በታቦቱ ነው የምንይዘው። ነርሷ "ሃያ ሁለት" ብትል ሴቲቱ ልቧ ላይ የምታስቀምጠው "ኡራኤል" ብላ ነው። ኡራኤል ቅዳሜ ከዋለ ቅዳሜ ትሄዳለች። ከቆላ ልጇን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ውላ ዝግ በር ታገኛለች።

ልጄ ከሥራ ስትገባ ነገርኋት። "እምዬ፣ ኮምፒውተር እኮ አይሳሳትም" አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

"መርጌታም አልሳሳትም ይል ነበር። እስቲ ጳጉሜን ስድስትን ያውቃት እንደሆን ጠይቂው።"

ሰኞ ጠየቀችው። ስትመለስ ከንፈሯ ደርቋል። "እንዲህ ያለ ቀን የለም አለኝ።"

"ለዘንድሮ?"

"ለዘንድሮ። ለሚመጣው ዓመት ግን አለ ይላል። የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፣ እምዬ። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ምንም ሳይተርፈው ሲቀር ነው ጳጉሜንን ስድስት የሚያደርጓት። የፈረንጁ አቆጣጠር እንደዚያ ነው። የእኛ ግን ሦስት ሲተርፈው ነው።"

"ሦስት የሚተርፈው ማነው?"

"ሉቃስ።"

"ምንም የማይተርፈውስ?"

"ዮሐንስ።"

"ወይ ጉድ! የሉቃስን ቀን ቀምተው ለዮሐንስ ሰጡት? ስንት ዘመን ተስማምተው የኖሩትን ሊያጣሉ ነው?"

ሣቀች። ከዚያ በኋላ ጥርሷን ሳላይ ሁለት ወር ቆየሁ።

ለኃላፊዋ ነገረችው። እሱ ደግሞ ስንት አገር የሚሠራበት ፕሮግራም ለአንቺ ሲሆን ይሳሳታል ወይ፣ ራስሽ ያበላሸሽውን ነው በማሽን የምታሳብቢው አላት። የመስከረምን ቀጠሮዎች ሁሉ አስወጥቶ ቆጠራቸው፣ ሁሉም አንድ አንድ ቀን ተዛንፈዋል። በሰው ፊት ነው የተናገራት። ውልሽ በጳጉሜን ያልቃል፣ አላድስም፣ የሥራ ምስክር ስትጠይቂም ይህንኑ ነው የምጽፈው አላት። በመጨረሻ ልቡ ራራ መሰለኝ፣ "የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ስሕተቱ የእኛ ነው ካሉ አምጪና አሳዪኝ" አላት።

ቤት መጥታ መደቡ ላይ ተደፋች። "በዚህ ስም ከወጣሁ የጋይንትም፣ የስማዳም፣ የእስቴም ጤና ጣቢያ አይቀጥረኝም። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።"

"እና ሰዎቹን ጻፊላቸዋ። ባለቤቱ ማነው?"

"ባለቤት የለውም። ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የዓለም ሰው በነፃ ነው የሚሠራው። ስሕተት ያገኘ ሰው አርሞ ይልካል። ጥሩ ከሆነ ይቀበሉታል፣ ከዚያ ለሁሉም ይደርሳል።"

"እንደ ደቦ ነዋ! ማጭድ የያዘ ሁሉ ይገባል።"

"እንደ ደቦ። ግን ያጨዱትን ነዶ ክምሩ ላይ ከመጨመርዎ በፊት የሚያይ ሰው አለ። አረም ካለበት ይመልስብዎታል።"

"ያ ሰውዬ ማነው?"

"አላውቀውም። ስሙን ብቻ ነው የማየው።"

"ያገባ ነው?"

"እምዬ!"

ሦስት ቀን ተቀምጣ ሠራችው። ፓች ትለዋለች፤ ልብስ ሲቀደድ የምንጥፍበት እራፊ ማለት ነው አለችኝ። "ስንት ክንድ ይሆናል?" ብላት "አንድ መስመር" አለችኝ። ለአንድ መስመር ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ በሦስት ቀን ነጠላ እፈትላለሁ።

ኢንተርኔት የሚይዘው ከገበያው በላይ ጊዮርጊስ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ቤታችን ስልክ ይደውላል እንጂ እሱ አይደርስም። ስልኳንና ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ በሐምሌ ጭቃ ወጥታ ላከችው። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ መልስ ጉብታውን መውጣት ሆነ። ትወጣለች፣ ትወርዳለች። "መጣ?" እላታለሁ። "አልመጣም።" ሐምሌ አለቀ። ፍልሰታ ገባ። አልመጣም።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ጓሮ ጎመን ስቀጥፍ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። እኔ ያለሁ አልመሰላትም። "እሺ… ዓርብ፣ ጳጉሜን ስድስት… አዎ፣ ገበያ ሲደምቅ ሰው አያስተውልም… በመተማ ነው አይደል?" አለች።

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። እናቷም የሄደችው በዓርብ ገበያ ነው። ያን ቀን ቆሎ ቋጥሬ ሰጥቻት "ቶሎ ነይ" ብያት ነበር፣ ጨው ልትገዛ የምትሄድ ይመስል። አሁን ደግሞ የቀረችኝ አንዷ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው አኳኋን። ብለምናት እንደማትሰማኝ አውቀዋለሁ፤ እናቷን ለምኜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ እንደ ልማዴ ተንኮል አሰብሁ። የሚያሻግራት ደላላ የሚያገኛት በስልክ ነው፤ ስልክ ከሌለ ደላላ የለም። ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት።

ቤቱን ገለበጠችው። እኔም አብሬ ገለበጥሁ። መደቡን አንስቼ ፈለግሁ፣ ዶሮዎቹን ከቆጡ አውርጄ ፈለግሁ፣ "ገበያ ላይ ጥለሽው ይሆናል" ብዬ አጽናናኋት። በማግስቱ እሷ ሥራ ሄዳ ጎረቤቴ ተቀምጣ እያለች ጎታው መጮኽ ጀመረ።

"እትዬ፣ ጎታዎ ይዘፍናል እኮ!"

"አይጥ ነው" አልኋት።

"እንዲህ ያለ ዜማ የሚያወጣ አይጥ?"

"የመርጌታ ቤት አይጥ ነው፣ ዜማ ተምሯል።"

እንዲያ እየቀለድሁ ዘጠኝ ቀን ደበቅሁት። ልጂቱ ግን ዓይኔ እያየ ከሳች። ሌላ ስልክ መግዣ የላትም። እኔ ደላላው ስለቀረባት ነው የምታዝነው ብዬ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ቅጠል ስትቆርጥ ቢላዋውን ጥላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። "መልስ እየጠበቅሁ ነበር እኮ፣ እምዬ። ይሄኔ ጽፈውልኝ ይሆናል። እነሱ ከተቀበሉኝ የትም አልሄድም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር" አለችኝ።

ይህ እንዴት አልመጣልኝም? ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚያው ስልክ ነው። ጎታው ሥር ተንበርክኬ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ አወጣሁት። ገብሱን አራግፌ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋንና ኮምፒውተሯን አንስታ ወጣች። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኋት፤ ጉልበቴ እሺ አላለኝም፣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ዘወር ብላ አላየችኝም።

ጊዮርጊስ በር ላይ፣ ጥዱ ሥር ስደርስባት ባትሪው ያለቀውን ስልክ ከኮምፒውተሯ በገመድ ሞልታ ማንበብ ጨርሳለች።

"ምን ይላሉ?"

"ስልኩን በደበቁት በማግስቱ ጽፈዋል። ሥራሽ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ትክክል መሆንሽን በምን እናውቃለን፣ ማረጋገጫ አምጪ ይላሉ። ከአራት ቀን በኋላ ደግመው ጠይቀዋል። ትናንት ደግሞ…"

"ትናንት ምን?"

"መልስ ስላልሰጠሽ ዘግተነዋል።"

"የተዘጋ አይከፈትም?"

"እምዬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ።"

ዝም አልሁ። ያን ያህል ዝም ያልሁበት ቀን በዕድሜዬ የለም። ባሌን ስቀብር እንኳ ቀባሪዎቹን ጉድጓዱ ጠበበ ብዬ ተቆጥቻለሁ። ያን ቀን ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጊዮርጊስን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። ሌባዋ እኔ፣ ለማኟ እኔ። ልጄን ለማስቀረት ብዬ የምትቀርበትን አንዲት ገመድ በገዛ እጄ ቆረጥኋት።

ብዙ ቆይቼ "ማረጋገጫ ያሉት ምን ዓይነት ነው?" አልሁ ቀስ ብዬ።

"ጳጉሜን ስድስት ላይ የሆነ እውነተኛ ነገር። ምን ቀን እንደዋለ የሚታወቅ። በእሱ ፕሮግራሙን ይፈትኑታል። ከየት አመጣለሁ?"

"እናትሽ" አልኋት።

"እናቴ ምን?"

"ጳጉሜን ስድስት ነው የወለድኋት። በዘመነ ሉቃስ። ቅዳሜ ቀን ነው፤ በማግስቱ እሁድ እንቁጣጣሽ ሆነ።"

እናቷ በጳጉሜን እንደተወለደች ታውቅ ነበር፣ ስድስተኛዋ ቀን ላይ መሆኑን ግን አታውቅም። ለእናቷ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የልደት ቀን የሚደርሳት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እኔም ቀጠልሁ።

"ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሣው? አንድ ዲያቆን ቆጥሮ ኅዳር ሃያ ነው አለን። ጠላው ሊጠመቅ፣ ክርስትና እናቷ ልትጠራ ሲሆን አያትሽ ሰማ። 'ጳጉሜን ስድስትን የት ጣልሃት? የተወለደችባትን ቀን ትተህ ከእንቁጣጣሽ ነው የቆጠርህ' ብሎ ተቆጣው። ሰማንያዋ የዋለው ኅዳር አሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ነው። በገብርኤል ተጠመቀች። ይኸው ኮምፒውተርሽም እንደ ዲያቆኑ ነው የተሳሳተ።"

ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። እኔ ጃንጥላውን ያዝሁላት፤ ጀርባዬን ዝናቡ መታው፣ ይምታኝ አልሁ። ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። የፈረንጁን ቀን አወጣች፣ እሱም ቅዳሜ ሆነ። ከዚያ እየጻፈች ታለቅስ ነበር፣ ወይም ዝናብ ነው፣ አላውቅም። ለሰውየው ይቅርታ ጠየቀችው፣ ስልኬ ጠፍቶ ነው አለችው። "አያቴ ሰረቀችኝ በይው" ብላት አልሰማችኝም። ላከችው።

ከዚያ ወዲያ ጥበቃ ሆነ። ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜን ገባች። በሩፋኤል ዕለት ሰው ሁሉ ዝናብ ሊጠመቅ ሲወጣ መብረቅ ወርዶ ኔትወርኩን ነቀለው፤ ጉብታውም ላይ ምንም የለም አለች። ሐሙስ የጤና ጣቢያውን ቁልፍ አስረከበች። ገብታ እጇን ታጥባ ተቀመጠችና "ነገ እሄዳለሁ፣ እምዬ። ከእንግዲህ አልደብቅዎትም" አለችኝ።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። "አይሆንም፣ ይነሡ" እያለች አነሣችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አንድም አልመጣልኝ። እኔ በሕይወቴ ያጣሁት ብዙ ነው፤ ቀልድ ግን አጥቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ዕቃዋን በትንሽ ቦርሳ ይዛ ወጣች። እኔም ገበያተኛ መስዬ ከጎኗ ሄድሁ። ቆሎ አልቋጠርሁም። ከአህዮቹ መቆሚያ አጠገብ አንድ ሸራ የለበሰ መኪና ቆሟል፤ ሁለት እሷን የመሳሰሉ ልጆች ወጥተው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ያለውን ክታብ አየሁ። እናቶቻቸው ናቸው ያሠሩላቸው።

"ጊዮርጊስን ሳትሳለሚ ልትሄጂ ነው?" አልኋት።

"ጊዜ የለም፣ እምዬ።"

"እናትሽ ሳትሳለም ነው የሄደችው።"

ውሸቴን ነው። እናቷ ተሳልማ ነው የሄደች፣ ደጁን ሦስት ጊዜ ስማ። ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ። ልጂቱ መኪናውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ክንዴን ይዛ ዳገቱን ጀመረች። እኔም ጉልበቴ ከሚያመኝ እጥፍ አነከስሁ፤ በየአምስት እርምጃው ቆምሁ። "ዛሬ ምነው እንዲህ ሆኑ?" ትለኛለች። "አርጅቻለሁ፣ ልጄ" እላታለሁ።

ላይ ወጣን። ተሳለመች። ስልኳን አውጥታ አየች። ምንም የለም። ከታች መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። እኔ የደጁን ቋሚ አቅፌ ቀረሁ፤ የማለቅሰውን ልቅሶ ሰው ይሰማኛል አላልሁም።

"በቃ" አለች። "ስልኩን ለእርስዎ ልተውልዎ። እዚያ ስደርስ በእሱ እደውላለሁ።"

እናቷም እደውላለሁ ብላ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፣ አስቀመጠችልኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሦስት አራት እርምጃ ሄደች። ስልኩ መዳፌ ላይ እንደ ጫጩት ተንቀጠቀጠ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ደግሞ።

"ነይ! ነይ! ይሄ ነገር ሕይወት አለው!"

ደላላው መስሏት ቀስ ብላ ተመለሰች። አየች። ቆማ አነበበች፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበች። መኪናው ሁለተኛ ነፋ።

"ንገሪኝ እንጂ፣ ልትገድይኝ ነው?"

"ከፍተውታል። ከማክሰኞ ጀምሮ ነው የጻፉት፣ ኔትወርክ ስለሌለ አልደረሰም።" ድምፅዋ ይቆራረጣል። "በሰጠሽን ቀን ፈተንነው፣ ስሕተቱ የእኛ ነበር፣ ተቀብለነዋል ይላል።"

"ስሕተቱ የእኛ ነበር ይላል?"

"ይላል።"

"በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ፣ እምዬ።"

ሦስተኛውን ጡሩምባ ሰማን። ከጥዱ ሥር ሆነን ሸራው መኪና በንፋስ መውጫ መንገድ ሲታጠፍ አየነው። እነዚያ ሁለት ልጆች ውስጡ አሉ። እነሱንስ ማን ዳገት አወጣቸው? ደስታዬን ልጨርሰው ብል እሱ ነገር አላስጨርስ አለኝ፤ እስከ ዛሬም አልጨረስሁትም።

ቀጥ ብለን ጤና ጣቢያ ሄድን። ኃላፊው ስልኩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆም አነበበው። "እንግዲህ… እነሱ ካሉ" አለ። ውሉን ለሦስት ወር አደሰላት። "ዛሬ ስንት ነው፣ ጌታው?" አልሁት። "ጳጉሜን ስድስት" አለኝ። "እርግጠኛ ነዎት? ኮምፒውተርዎ የለችም ብሏል እኮ" ብዬው ወጣሁ። ልጄ በር ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሣቀች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር በሦስት ወር ነው የሚያድሱላት። ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልኳን በዓይኔ እጠብቃለሁ፤ ጎታው ውስጥ ግን አላስቀምጠውም።

በእንቁጣጣሽ ማግስት "እስቲ ያችን ሥራሽን አሳዪኝ" አልኋት። ከፈተችልኝ። ጉንዳን የመሰለ ፊደል ነው፣ ነጭ በጥቁር።

"እናትሽ የቷ ናት?"

ጣቴን ይዛ አንዷ መስመር ላይ አስቀመጠችልኝ። "ይቺ። እናቴ የተወለዱባት ቀን። ከእንግዲህ ፕሮግራሙን የሚነካ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በእሷ ይፈትነዋል። በየትም አገር።"

"ዓረብ አገርም?"

"ዓረብ አገርም።"

ጣቴን አላነሣሁም። የኮምፒውተሩ መስተዋት ሞቅ ይላል። "እነዚያን ሰዎች አንድ ነገር ብትጠይቂልኝ" አልሁ። "ቀኗን እንዲህ ካገኟት፣ እሷንስ የት እንዳለች አያውቁም?"

"ቀን ብቻ ነው የሚያውቁ፣ እምዬ" አለችኝ ልጄ።

"እሺ" አልኋት። "ትንሽ ሳይዘጋ ይቆይ።"

አልዘጋችውም። ባትሪው አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ተቀመጥን።